ባዶው ጥቅስ እንዳይጠፋ፦ ኮንፊግ ፋይሎችን በፓይተን የማዋሃድ ሥራ ማስታወሻ

ሰኞ ጠዋት፦ ችግሩ

ነገሩ እንዲህ ነው። የኤሌክትሮኒክስ መለዋወጫ የሚሸጥ ድርጅት በርካታ ቅርንጫፎች አሉት። ሁሉም ፕሮፎርማ የሚያትሙት በአንድ ዓይነት ፕሮግራም ነው። ፕሮግራሙ የኛ አይደለም፤ ምንጭ ኮዱም በእጃችን የለም። የኛ ድርሻ ፕሮግራሙ ሲነሳ የሚያነበውን ኮንፊግ (የማስተካከያ) ፋይል ማዘጋጀት ነው። ዋናው መሥሪያ ቤት አንድ የጋራ ፋይል አለው። እያንዳንዱ ቅርንጫፍ ደግሞ የራሱን ለውጥ ብቻ የያዘ ትንሽ ፋይል አለው። አንድ የፓይተን ስክሪፕት ሁለቱን አዋህዶ ውጤቱን ፕሮግራሙ በሚያገኘው ቦታ ያስቀምጣል።

ፋይሎቹ የኢኒ ቅርጽ ያላቸው ናቸው። ክፍሉ በቅንፍ ይጻፋል፤ ከሥሩ ቁልፍ፣ የእኩል ምልክትና ቫልዩ (ለቁልፉ የሚሰጠው መልስ) ይከተላሉ። በእውነተኛው ፋይል ቁልፎቹ በላቲን ፊደል ናቸው። እዚህ ለማንበብ እንዲቀል በአማርኛ እጽፋቸዋለሁ። የጋራው ፋይል ይህን ይመስላል፦

    [ፕሮፎርማ]
    ራስጌ = "የዋጋ ማቅረቢያ"
    ግርጌ = "ዋጋው 15% ቫት ያካትታል"

የአንዱ ቅርንጫፍ ደግሞ ይህን፦

    [ፕሮፎርማ]
    ; ወረቀታችን ግርጌው ታትሞበት ነው የሚመጣው
    ግርጌ = ""

የዚህ ቅርንጫፍ ኃላፊ ዛሬ ጠዋት ደወሉ። "ልጄ፣ ግርጌውን አንሡልን ብለን ነበር እኮ። አሁንም በታተመው ላይ ደርቦ እያተመብን ነው። ደንበኛ ፊት አሳፈረን" አሉ። "እሺ እትዬ፣ አየዋለሁ" ብዬ ዘጋሁ። ፋይላቸውን ሳየው ልክ ነው። ባዶ ጥቅሱ በቦታው ተቀምጧል። የጠፋው ሲዋሃድ ነው።

ሰኞ ከሰዓት፦ ሁለት ቀዳዳ

ስክሪፕቱ አጭር ነው። ከዚህ በፊት ፕሮጀክቱን ይዞት የነበረ ሰው የጻፈው ነው። ኢኒ ፋይል የሚያነብና የሚጽፍ፣ ከፓይተን ጋር የሚመጣ ኮንፊግፓርሰር የሚባል ፓርሰር (አንባቢ) ይጠቀማል። የጋራውን ያነባል፤ ቀጥሎ የቅርንጫፉን። ከዚያ በቅርንጫፉ ቁልፎች ላይ አንድ በአንድ እየዞረ ቫልዩው ዳርና ዳር ላይ ያለውን ትምህርተ ጥቅስ ይገፍፋል። ቀጥሎ "ኢፍ ቫልዩ" ብሎ ይጠይቃል። አዎ ከሆነ የጋራውን ይተካል፤ ካልሆነ ያልፈዋል።

የመጀመሪያው ቀዳዳ ይሄ "ኢፍ ቫልዩ" ነው። በፓይተን ባዶ ስትሪንግ (ጽሑፍ)፣ ዜሮ፣ ባዶ ሊስት (ዝርዝር)፣ ፎልስ (ሐሰት) እና "ነን" ("ምንም" የሚለው የፓይተን ቫልዩ) በኢፍ ፊት ሁሉም አንድ ናቸው። ስክሪፕቱ መጠየቅ የነበረበት "ቅርንጫፉ ስለዚህ ቁልፍ የተናገረው ነገር አለ ወይ?" ብሎ ነው። የጠየቀው ግን "የተናገረው ነገር ባዶ ያልሆነ ነው ወይ?" ብሎ ነው። ቅጽ ላይ "የለኝም" ብሎ የጻፈ ሰውና ቦታውን ሳይነካ ያለፈ ሰው እኩል አይደሉም። አንዱ መልስ ሰጥቷል።

ይህ ወጥመድ በኢፍ ብቻ አይመጣም። "የቅርንጫፉ ኦር የጋራው" ብሎ በአጭሩ መጻፍም ያው ነው። ብዙ ሰው የኢንቫይሮመንት ቫሪያብል ሲያነብ እንዲህ ይጽፋል። ዓላማው "ከሌለ ይሄን ውሰድ" ነው፤ ኮዱ የሚያደርገው ግን "ከሌለ ወይም ባዶ ከሆነ ይሄን ውሰድ" ነው። አብዛኛውን ጊዜ ልዩነቱ አይታይም። ሲታይ ግን እንደ እትዬ ቅርንጫፍ ወረቀት ላይ ይወጣል።

ለሙከራ ኢፉን አውጥቼ ስክሪፕቱን አስኬድኩት። የወጣው ይህ ነው፦

    ግርጌ =

አሁን የቅርንጫፉ መልስ አልፏል፤ ጥቅሶቹ ግን የሉም። ሁለተኛው ቀዳዳ ጥቅሱን መግፈፉ ነው። ፕሮግራሙ ይህን ሲያነብ አምራቹ ውስጡ ያስቀመጠውን የምስጋና ጽሑፍ አተመ። እንግዲህ ጥቅሱ ለዚህ ፕሮግራም ጌጥ አይደለም። የፕሮግራሙን መመሪያ አውጥቼ ክፍሉን በደንብ አነበብኩት።

ቁልፉ ፋይሉ ውስጥ ከሌለ ፕሮግራሙ የራሱን ዲፎልት (ካልተነገረው የሚጠቀመውን) ይወስዳል። ቁልፉና እኩል ምልክቱ ኖረው በቀኝ በኩል ምንም ከሌለም ዲፎልቱን ይወስዳል። ባዶ ጥቅስ ካለ ምንም አያትምም፤ ቦታውንም አይተውም። እኩል ምልክት የሌለው፣ ብቻውን የቆመ ቁልፍ ደግሞ "ይሄ አማራጭ ይብራ" ማለት ነው፤ ለምሳሌ "ሎጎ" የሚለው። ስለዚህ ማዋሃጃው አራት ሁኔታዎችን ሳያምታታ ማሳለፍ አለበት። የሥራው ልክ ይሄ ነው።

ማክሰኞ ጠዋት፦ ኮንፊግፓርሰር ለብቻው

አዲስ ነገር ከመጻፌ በፊት ፓርሰሩ ራሱ ምን እንደሚያደርግ ማየት ፈለግሁ። ያለ ምንም ተጨማሪ ኮድ አራቱንም ሁኔታ ሰጠሁት።

ደስ የሚል ነገር አገኘሁ። ኮንፊግፓርሰር ትምህርተ ጥቅስ የሚባል ነገር አያውቅም። ባዶ ጥቅስ ስንሰጠው ሁለት ምልክት ያለው፣ ርዝመቱ 2 የሆነ ስትሪንግ ይመልሳል። እኩል ምልክት ብቻ ካለ ርዝመቱ 0 የሆነ ስትሪንግ ይመልሳል። "አላው ኖ ቫልዩ" የሚለውን አማራጭ ካበራንለት ብቻውን የቆመውን ቁልፍ ነን ብሎ ይሰጠናል። የሌለ ቁልፍ ደግሞ የለም። አራቱም ተለይተው ተቀምጠዋል! መረጃውን ያጠፋው ፓርሰሩ ሳይሆን ከላይ የተጨመረበት ጥቅስ መግፈፊያ ነው።

ሲጽፍም ታማኝ ነው። ሁለት ምልክቱን እንዳለ ይጽፋል። ዜሮ ርዝመቱን እኩል ምልክትና አንድ ክፍት ቦታ አድርጎ ይጽፋል። ነኑን ቁልፉን ብቻ ይጽፋል።

ከዚህም በላይ ማዋሃዱን ራሱ ይችላል። "ሪድ" የሚለው ሜተድ የፋይል ስሞች ሊስት ይቀበላል፤ ኋላ የመጣው የፊተኛውን ይሽራል። የሚሽረው በቁልፉ መኖር እንጂ በቫልዩው መሙላት አይደለም። ስለዚህ የጋራውንና የቅርንጫፉን በአንድ ሊስት ብንሰጠው ባዶው ጥቅስ በትክክል ያሸንፋል። አንድ ጥንቃቄ ግን ይፈልጋል። ሪድ ያላገኘውን ፋይል ዝም ብሎ ያልፋል፤ የሚመልሰው የተሳካለትን ሊስት ብቻ ነው። የቅርንጫፉ ፋይል ስም በአንድ ፊደል ቢሳሳት ማንም ሳያውቅ የጋራው ብቻ ይታተማል። እኔ "ሪድ ፋይል" የሚለውን መረጥኩ። እዚያ ፋይሉን የምከፍተው ራሴ ስለሆንኩ ካልተገኘ ወዲያው ይጮሃል።

ሌሎች መስተካከል ያለባቸው ነገሮችም ወጡ።

የ15 በመቶው ቫት አንዱ ነው። ኮንፊግፓርሰር በተፈጥሮው የፐርሰንት ምልክትን ለመተካካት ሥራ ይጠቀምበታል። "15% ቫት" የሚለውን ቫልዩ ልናወጣ ስንል ከፐርሰንቱ በኋላ ሌላ ፐርሰንት ወይም ቅንፍ ይጠብቃል፤ ሲያጣ ስህተት ይሰጣል። ይህን መተካካት ለማጥፋት ኢንተርፖሌሽን የሚለውን አማራጭ "ነን" ማድረግ ይበቃል። የድሮው ስክሪፕት "ሮው" የተባለውን ዓይነት ስለሚጠቀም ይሄ ችግር አልታየበትም ነበር።

ሁለተኛው የፊደል መጠን ነው። ፓርሰሩ ቁልፎችን ወደ ትንሽ ፊደል ይለውጣል። ግዕዝ ፊደል ላይ ትልቅና ትንሽ ስለሌለ በአማርኛ ቁልፍ ብትሞክሩት ምንም አታዩም። የኛ ትክክለኛ ቁልፎች ግን ላቲን ናቸው፤ ፕሮግራሙም ይለያቸዋል። "ኦፕሽንኤክስፎርም" የሚለውን በስትሪንግ ፈንክሽኑ መተካት ያቆመዋል።

ሦስተኛው "ዲፎልት" የሚባለው ልዩ ክፍል ነው። ፋይሉ ውስጥ በዚህ ስም ክፍል ካለ ቁልፎቹ በሌሎቹ ክፍሎች ሁሉ ውስጥ ያሉ መስለው ይታያሉ። የአንዱ ቅርንጫፍ ፋይል ይህ ስም ያለው ክፍል ነበረው፤ ለፕሮግራሙ ደግሞ እንደማንኛውም ክፍል ነው። ልዩ የሚሆነውን ክፍል ስም ማንም በማይጽፈው ስም ቀየርኩት።

ማክሰኞ ከሰዓት፦ "ባዶ ያው ባዶ ነው"

አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ስክሪኔን አይቶ "ለምን ትደክማለህ? ባዶ ያው ባዶ ነው። ፕሮግራሙን ለሠሩት ንገራቸውና ያስተካክሉት" አለኝ። አባባሉ ብዙ ቦታ የምሰማው ስለሆነ በቁም ነገር መለስኩለት።

ባዶ ቫልዩ ትርጉም ያለው እዚህ ፕሮግራም ላይ ብቻ አይደለም። ሊኑክስ ሰርቨር ላይ የሲስተምዲ (አገልግሎቶችን የሚያስነሳው ፕሮግራም) አገልግሎትን በተጨማሪ ፋይል ስናሻሽል፣ የሚነሳበትን ትዕዛዝ ለመቀየር በመጀመሪያ "ኤክሴክስታርት" ብለን ከእኩል ምልክቱ በኋላ ባዶ እንተዋለን፤ ከሥሩ አዲሱን እንጽፋለን። ባዶዋ መስመር "የፊተኛውን ሰርዝ" ማለት ናት። እሷ ከሌለች ለተራ አገልግሎት ሁለት ትዕዛዝ ሆኖ እምቢ ይላል። የኮድ ለውጥ የሚመዘግበው ጊትም እንዲሁ ነው። የክሬደንሻል ሄልፐርን (የይለፍ ቃል አቀባዩን) ባዶ ስናደርገው እስከዚያ ድረስ የተጠራቀመውን የሄልፐር ዝርዝር ያጸዳል። ጄሰን በሚባለው የመረጃ አጻጻፍ ውስጥ ባዶ ስትሪንግና ነል ("ምንም") የተለያዩ ናቸው። በ2014 የወጣው የጄሰን ማርጅ ፓች ደንብ፣ አርኤፍሲ 7396፣ ነልን "ይህን ቁልፍ ሰርዝ" ብሎ ይተረጉመዋል፤ ባዶ ስትሪንግን ግን እንደማንኛውም ቫልዩ ያስገባል።

በእነዚህ ሁሉ ላይ ባዶውን "ያው ነው" ብሎ የሚውጥ ማዋሃጃ የሰውን ውሳኔ ይሽራል። የማዋሃጃ ሥራ ሁለት ሰዎች የጻፉትን ማገናኘት ነው። ምን ማለታቸው እንደሆነ የመወሰን ሥልጣን የለውም። ልጁ ትንሽ አሰበና "እና ለምን ወደ ያምል አንቀይረውም?" አለ። ፕሮግራሙ ያምል የሚባለውን የኮንፊግ አጻጻፍ እንደማያነብ ነገርኩት። መጨረሻ ላይ መልሰን ወደ ኢኒ ልንገለብጠው ከሆነ ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ነው የሚሆነው።

ጥያቄው ግን ጥሩ ስለነበር አብረን ሞከርነው። ያምል ውስጥ ከሁለት ነጥቡ በኋላ ምንም ካልጻፍን ነል ነው፤ ባዶ ጥቅስ ከጻፍን ባዶ ስትሪንግ ነው። እስከዚህ ጥሩ ይለያል። ፓይያምል የሚባለው የፓይተን ላይብረሪ መልሶ ሲጽፍ ድርብ ጥቅሱን ነጠላ ያደርገዋል፤ ባዶውን ቦታ ደግሞ "ነል" ብሎ በቃል ይጽፋል። ትርጉሙ አልተለወጠም፤ መልኩ ግን ተለውጧል። ሩአመል የሚባለው ላይብረሪ "ፕሪዘርቭ ኮትስ" ሲበራለት ጥቅሶቹን እንደነበሩ ይይዛል። ያምል ላይ የሚሠራ ሰው እዚያ ቢጀምር ይሻለዋል።

አንድ ነገር ግን ሁለታችንንም አስደነገጠን። የሥራ መጀመሪያ ሰዓት ብለን 2:30ን ያለ ጥቅስ ጻፍን። ፓይያምል 150 ብሎ አነበበው። የሚከተለው የያምል 1.1 ደንብ በሁለት ነጥብ የተለያዩ ቁጥሮችን በ60 ቤት ቁጥር አድርጎ ይቆጥራል፤ 2 ጊዜ 60 ሲደመር 30። በ07 የሚጀምር ስልክ ቁጥርም ሁሉም አኃዞቹ ከ0 እስከ 7 ከሆኑ እንደ ኦክታል (በ8 ቤት ቁጥር) ተቆጥሮ ሌላ ቁጥር ይሆናል። በ09 የሚጀምረው ግን 9 ኦክታል ውስጥ ስለሌለ ስትሪንግ ሆኖ ይተርፋል። ያምል ላይ ስልክና ሰዓት የምትጽፉ ሁሉ ጥቅስ ውስጥ አስገቡ።

ረቡዕ፦ ኮሜንቶቹ

ፓርሰሩ ባዶውን ጥቅስ የሚያድን ከሆነ ሥራው ያለቀ ይመስላል። አላለቀም። ኮንፊግፓርሰር ሲጽፍ ኮሜንቶችን (ለሰው የተጻፉ፣ ፕሮግራሙ የሚያልፋቸው ማስታወሻዎችን) በሙሉ ይጥላል። ሲያነብ አያስቀምጣቸውም፤ ስለዚህ የሚጽፈው የለውም።

የጋራው ፋይል ግማሹ ኮሜንት ነው። የትኛው ቁልፍ ለየትኛው ፕሪንተር እንደሆነ፣ የትኛው እንዳይነካ የሚናገር ጽሑፍ ነው። ቅርንጫፍ ድረስ ሄዶ ፕሪንተር የሚያስተካክለው ቴክኒሻን የሚያየው የተዋሃደውን ፋይል ነው። ያለ ኮሜንት መላክ ቴክኒሻኑን በጨለማ መላክ ነው።

ኮንፊግኦብጅ የሚባለውን ላይብረሪ አየሁ። ኮሜንት ይይዛል፤ "ማርጅ" የሚባል የራሱ ሜተድም አለው፤ ክፍል ውስጥ ክፍልም ይችላል። ነገር ግን ጥቅሱን ይገፍፋል። ለእሱ እኩል ምልክት ብቻና ባዶ ጥቅስ ሁለቱም ባዶ ስትሪንግ ናቸው። ሲጽፍ ሁለቱንም ባዶ ጥቅስ ያደርጋቸዋል። "ራይት ኤምፕቲ ቫልዩስ" የሚለውን ስናበራ ደግሞ ሁለቱንም ባዶ ቦታ ያደርጋቸዋል። በየትኛውም መንገድ አንዱ ሌላውን ይውጣል። ልዩነቱ የጠፋው ሲነበብ ስለሆነ ሲጻፍ በሚደረግ ማስተካከያ አይመለስም።

ሌላም አለ። ጥቅስ የሌለውን ቫልዩ በላቲኑ ኮማ ከፋፍሎ ሊስት ያደርገዋል። በኛ ነጠላ ሰረዝ (፣) ግን አይከፍልም፤ ስለዚህ አድራሻውን በአማርኛ ሥርዓተ ነጥብ የጻፈ ቅርንጫፍ ሳይነካ ያልፋል፤ በላቲን ኮማ የጻፈው ይቆራረጣል። "ሊስት ቫልዩስ" የሚለውን ማጥፋት መቆራረጡን ያስቆማል፤ ጥቅሱንም አይነካም። ጉዳዩን የዘጋው ግን ሌላ ነገር ነው። ኮንፊግኦብጅ ኮሜንት የሚለው በፓውንድ ምልክት (#) የሚጀምረውን ብቻ ነው። የኛ ፋይሎች ኮሜንት የሚጽፉት በሴሚኮለን (;) ነው። ፋይሉን ገና ሲያነበው ያልታወቀ መስመር ብሎ ቆመ።

ጥሩ ላይብረሪ ነው። ለዚህ ሥራ ግን አልሆነም።

ሐሙስ፦ መስመር በመስመር

ውሳኔዬ ሥራውን ለሁለት መክፈል ሆነ። የጋራውን ፋይል እንደ ጽሑፍ አንብቤ መስመር በመስመር አርማለሁ። ኮንፊግፓርሰርን ደግሞ ለሁለት ነገር ብቻ እጠቀማለሁ፤ የቅርንጫፉን ፋይል ለማንበብና በመጨረሻ ውጤቱን ለማረጋገጥ።

አራሚው እያንዳንዱን መስመር ያይና ዓይነቱን ይለያል። ባዶ መስመር፣ ኮሜንት፣ የክፍል ርዕስ፣ ቁልፍ፣ ወይም ካለፈው ቁልፍ የቀጠለ ገባ ብሎ የተጻፈ መስመር ሊሆን ይችላል። ቁልፍ ሆኖ ቅርንጫፉ ስለሱ የተናገረው ነገር ካለ፣ ከእኩል ምልክቱ በስተቀኝ ያለውን በቅርንጫፉ ጽሑፍ ይተካል። ካልተናገረ መስመሩን ሳይነካ ያሳልፋል። ቅርንጫፉ ያለው፣ የጋራው የሌለው ቁልፍ በክፍሉ መጨረሻ ይጨመራል። አዲስ ክፍል ከሆነ በፋይሉ መጨረሻ።

"የተናገረው ነገር ካለ" የሚለውን እንዴት እንደጠየቅሁት ልንገራችሁ፤ ልቡ እሱ ነውና። ከቅርንጫፉ ፋይል በተነበበው ዲክሽነሪ (የቁልፍና የቫልዩ ዝርዝር) ላይ "ጌት" ብዬ ዲፎልት ነን ብሰጠው፣ ብቻውን የቆመው ቁልፍ ቫልዩውም ነን ስለሆነ ከሌለው ጋር ይምታታል። ስለዚህ ራሱን የቻለ አንድ ዕቃ ፈጠርኩ፤ ባዶ ኦብጀክት ሆኖ "የለም" የሚል ስም ያለው። ፓይተን 3 በግዕዝ ፊደል የቫሪያብል ስም ስለሚቀበል በአማርኛ ነው የጻፍኩት። ጌት ሲያጣ እሱን ይመልሳል። ማነጻጸሩ በ"ኢዝ" ነው፤ በእኩል ምልክት አይደለም። ኮንፊግፓርሰር ራሱ ውስጡን ብትከፍቱት "አንሴት" የሚል ተመሳሳይ ዕቃ አለው። ፎልባክ (ቁልፉ ሲታጣ የሚመለስ ምትክ) ተሰጥቷል ወይስ አልተሰጠም የሚለውን የሚለየው በሱ ነው፤ ነንም ራሱ ሕጋዊ ፎልባክ ሊሆን ስለሚችል።

ሦስት ቦታ ላይ ቆም ብዬ ማሰብ ነበረብኝ።

የመጀመሪያው የቀጠሉ መስመሮች ናቸው። የጋራው ግርጌ ሦስት መስመር ሊሆን ይችላል። ቅርንጫፉ ባዶ ጥቅስ ሲሰጥ የመጀመሪያውን መስመር ብቻ ብተካ፣ የቀሩት ሁለቱ ከባዶው ጥቅስ ጋር ተያይዘው ይቀጥላሉ። ስለዚህ ቁልፉ ሲተካ ተከታዮቹ አብረው ይወጣሉ።

ሁለተኛው እኩል ምልክቱ ነው። የጋራው "ሎጎ" ብሎ ብቻውን ጽፎ ቅርንጫፉ ባዶ ጥቅስ ቢሰጥ እኩል ምልክት መጨመር አለበት። ተቃራኒውም ይሆናል፤ የጋራው ቫልዩ ሰጥቶት ቅርንጫፉ ብቻውን ካቆመው እኩል ምልክቱ መነሣት አለበት። ምልክቱም የመልሱ አካል ነው። ፓርሰሩ ሁለት ነጥብንም እንደ እኩል ምልክት ስለሚቆጥር፣ እኩል ምልክት ብቻ እንዲያውቅ ዴሊሚተሩን (ቁልፍና ቫልዩ የሚለይበትን ምልክት) ወሰንኩለት። አለበለዚያ ስሙ ውስጥ ሁለት ነጥብ ያለው ቁልፍ ለሁለት ይሰነጠቃል።

ሦስተኛው በመስመር መጨረሻ የሚጻፍ ኮሜንት ነው። አንዳንዱ ቅርንጫፍ እንዲህ ይጽፋል፦

    ግርጌ = "" ; ባዶ ይሁን

ኮንፊግፓርሰር ከ3.2 ወዲህ በተፈጥሮው የመስመር መጨረሻ ኮሜንትን አይቆርጥም። ስለዚህ ቫልዩው ጥቅሱም ኮሜንቱም ይሆናል። "ኢንላይን ኮሜንት" የሚለውን አማራጭ ማብራት መፍትሔ ይመስላል። ግን ፓርሰሩ ጥቅስ ስለማያውቅ ከክፍት ቦታ ቀጥሎ ሴሚኮለን ያገኘበት ሁሉ ይቆርጣል፤ "ስልክ ; ፋክስ" የሚል ራስጌም ከመሃል ተቆርጦ መዝጊያ ጥቅሱን ያጣል። አላበራሁትም። በምትኩ ማዋሃጃው በጥቅስ የተጀመረ ቫልዩ ከመዝጊያው በኋላ ትርፍ ነገር ካለው መስመሩን ጠቅሶ ይቆማል። ገምቶ ከሚያስተካክል ይልቅ ጠይቆ የሚቆም ይሻላል።

ሐሙስ ማታ፦ ማረጋገጫ

ውጤቱ ሲወጣ ማዋሃጃው ራሱን ይፈትሻል። የወጣውን ፋይል በአዲስ ፓርሰር ያነባል። በሌላ በኩል ሁለቱን ዲክሽነሪዎች ያዋህዳል፤ ፓይተን 3.9 ላይ በፔፕ 584 (የፓይተን ማሻሻያ ሰነድ) የገባው የቋሚ መስመር ምልክት (|) ለዚህ ምቹ ነው። ይህም ምልክት የሚያየው የቁልፉን መኖር ብቻ ስለሆነ ባዶውን ያከብራል። ሁለቱ እኩል ካልሆኑ ፋይሉ አይቀመጥም፤ የድሮው በቦታው ይቆያል።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ማዋሃዱ በክፍል በክፍል መሆን አለበት። ሙሉውን ዲክሽነሪ በአንድ ምልክት ብናዋህደው የቅርንጫፉ "ፕሮፎርማ" ክፍል የጋራውን "ፕሮፎርማ" ክፍል በሙሉ ይተካል። ግርጌው ባዶ ይሆናል፤ ራስጌው ግን አብሮ ይጠፋል።

ቴስቶቹን በፓይቴስት ጻፍኩ። በጋራው በኩል አራት ሁኔታ፣ በቅርንጫፉ በኩል አራት ሁኔታ፤ በጠቅላላ 16 ጥምረት። ሁሉም በአንድ ቴስት ውስጥ በፓራሜትራይዝ ይዞራሉ። ከነዚህ ሌላ የምወዳቸው ሁለት ቴስቶች አሉ። አንደኛው፦ ባዶ የቅርንጫፍ ፋይል ሲዋሃድ ውጤቱ ከጋራው ጋር በእያንዳንዱ ባይት እኩል መሆን አለበት። ሁለተኛው፦ ያንኑ የቅርንጫፍ ፋይል በውጤቱ ላይ እንደገና ብናዋህድ ምንም መለወጥ የለበትም። ሁለተኛው ቴስት አንድ ነገር ያዘልኝ፤ አዲስ ቁልፍ ሲጨመር ባዶ መስመርም አብሮ ይጨመር ነበር፤ ስክሪፕቱ በተጠራ ቁጥር ፋይሉ ይረዝማል ማለት ነው። ተስተካክሏል።

አርብ፦ ከቅርንጫፎች የመጡ ፋይሎች

የሁሉንም ቅርንጫፍ ፋይል አስመጥቼ በአዲሱ ማዋሃጃ አሳለፍኳቸው። አብዛኞቹ ያለ ችግር አለፉ። ያላለፉት ግን ብዙ ያስተምራሉ።

የመጀመሪያው ገና ከመግቢያው "የክፍል ርዕስ የለም" የሚል ስህተት ሰጠ። ርዕሱ ግን በዓይን ይታያል። ፋይሉ ኖትፓድ ላይ ከነቦም ተቀምጦ ነበር፤ ከመጀመሪያው ቅንፍ በፊት የማይታይ ምልክት አለ። ፋይሉን "ዩቲኤፍ 8 ሲግ" ብሎ መክፈት ቦም ካለ ይተወዋል፤ ከሌለም አይጎዳም። ኢንኮዲንጉን ሁልጊዜ በግልጽ መጻፍ ያስፈልጋል። ዊንዶውስ ላይ ዝም ካልነው ፓይተን የማሽኑን የድሮ ኢንኮዲንግ ወስዶ አማርኛውን ያበላሸዋል፤ ወይም መሃል ላይ ይወድቃል። የመስመር ማብቂያውም እንዳይቀየር ፋይሉን ስከፍት "ኒውላይን" የሚለውን ባዶ ስትሪንግ ሰጠሁት። እዚህም ባዶ ስትሪንግና ነን የተለያየ ትርጉም አላቸው! ነን ከሆነ ፓይተን የመስመር ማብቂያውን ይተረጉማል፤ ባዶ ከሆነ እንዳለ ይተወዋል።

ሁለተኛው ይበልጥ የሚያሳስበው ነበር። ሦስት የተለያዩ መልኮች አገኘሁ፦

    ግርጌ = “”
    ግርጌ = «»
    ግርጌ = ''

አንደኛው በቴሌግራም ተልኮ የመጣ ነው። የስልኩ ኪቦርድ ቀጥ ያለውን ጥቅስ ጠማማ አድርጎታል። ሁለተኛውን የጻፈው ሰው አማርኛ ኪቦርድ ላይ ነበር፤ ለአማርኛ ጽሑፍ ትክክለኛው ጥቅስ እሱ ነው። የሁሉም ሐሳብ አንድ ነው፤ "ባዶ ይሁን"። ለፕሮግራሙ ግን የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የሚታተም ጽሑፍ ናቸው፤ ወረቀቱ ግርጌ ላይ ጥቅሶቹ ራሳቸው ይወጣሉ። ሦስተኛውን፣ ነጠላውን ጥቅስ፣ መመሪያው ይቀበለዋል።

ማዋሃጃው እነዚህን በራሱ ወደ ቀጥ ያለ ጥቅስ ይቀይር ወይ? ልጁ "ይቀይር፣ ግልጽ ነው" አለ። እኔ አልተስማማሁም። አንድ ቅርንጫፍ ራስጌው ላይ የድርጅቱን መሪ ቃል በ«» ውስጥ እንዲታተም ፈልጎ ሊጽፍ ይችላል፤ ያ ትክክለኛ ጽሑፍ ነው። ስለዚህ ቫልዩው ጠማማ ጥቅስ ወይም «» ብቻ ሆኖ በመካከሉ ምንም ከሌለው ማዋሃጃው ይቆማል። ፋይሉን፣ የመስመሩን ቁጥርና ምን እንደሚጻፍ በአማርኛ ይናገራል። ጽሑፍ በመካከሉ ካለ ግን አይነካውም። ኮንፊግ ፋይል የሚጽፈው የሱቅ ሰው ነው። የስህተት መልእክቱ ለሱ መሆን አለበት፤ ትሬስባክ (የፓይተን ረጅም የስህተት ዝርዝር) ልኮለት ምን ያደርጋል?

በነጠላና በድርብ ጥቅስ መካከልም አልመረጥኩም። ቅርንጫፉ ነጠላ ከጻፈ ነጠላ ይወጣል።

ቅዳሜ፦ የቀረው

አዲሱ ማዋሃጃ ዛሬ ጠዋት ለሁሉም ቅርንጫፎች ወጣ። ከመውጣቱ በፊት የድሮውንና የአዲሱን ውጤት በዲፍ አነጻጸርኩ። ልዩነቱ ባዶ ጥቅስ ባለባቸው መስመሮች፣ በኮሜንቶችና በጥቅሶች ላይ ብቻ ነው። የእትዬ ቅርንጫፍ ፕሮፎርማ ግርጌው ንጹሕ ሆኖ ወጥቷል፤ ፎቶ አንሥተው ልከውልኛል።

ያልተፈታ አንድ ጥያቄ አለ። አንድ ቅርንጫፍ የጋራው ፋይል ላይ ያለ ቁልፍ ጨርሶ እንዳይኖር ቢፈልግስ? ባዶ ጥቅስ "ምንም አታትም" ነው። እኩል ምልክት ብቻ "ዲፎልትህን ውሰድ" ነው፤ ለብዙዎቹ ቁልፎች ከመሰረዝ ጋር አንድ ነው። "ሎጎ" ለመሰለ ብቻውን ለሚቆም ቁልፍ ግን አይሠራም፤ እኩል ምልክት ሲጨመርበት ፕሮግራሙ ምን እንደሚያደርግ መመሪያው አይናገርም። ኢኒ ውስጥ እንደ ጄሰን ነል ያለ የመሰረዣ ምልክት የለም። የማስበው የቅርንጫፉ ፋይል ውስጥ "[ይሰረዝ]" የሚል ራሱን የቻለ ክፍል ነው። እዚያ የተዘረዘረ ቁልፍ ከጋራው ላይ ይነሣል፤ ክፍሉ ራሱ ግን ወደ ውጤቱ አይሻገርም። ሰኞ ከቴክኒሻኖቹ ጋር ቁጭ ብዬ ስሙ ለነሱ ግልጽ መሆኑን ካረጋገጥኩ በኋላ ቴስቱን አስቀድሜ እጽፋለሁ።